ፉዌርቴስ የሬሳ ሠዓሊ አልነበረም፦ ለአንድ ትችት የተሰጠ ምላሽ

«የሬሳ ሠዓሊው» በሚል ርዕስ የወጣውን፣ በ1919 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥቶ የነበረውን አሜሪካዊ የወፍ ሠዓሊና የተፈጥሮ ተመራማሪ ሉዊስ አጋሲዝ ፉዌርቴስን የሚነቅፈውን ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጽሑፉን ላላገኘ አንባቢ ፍሬ ነገሩን ባጭሩ ላስቀምጠው። ጸሐፊው እንደሚሉት ፉዌርቴስ ከስፔን የመጣ ሀብታም አዳኝ ነበር፤ ወፎቹን እየገደለ ሬሳቸውን ይገለብጥ ነበር፤ የአሣሣል ስልቱን ከእርሱ በፊት ከነበረው ከአሜሪካዊው የወፍ ሠዓሊ ከኦዱቦን ወሰደ እንጂ ከራሱ የጨመረው ነገር የለም፤ ፎቶግራፍ በነበረበት ዘመን ብሩሽ ይዞ መንከራተቱም ትርፍ ድካም ነበር። ኢትዮጵያንም ቅኝ ገዥ ግዛቱን በሚያይበት ዓይን አይቶ፣ የእንስሶቻችንን ስም ነጥቆ፣ የቻለውን ሰብስቦ፣ በመጨረሻ ሲሜን ላይ በወባ ሞተ ይሉናል። የጸሐፊው ብዕር የሰላ ነው፤ ቁጣቸውም ከአገር ፍቅር የመነጨ መሆኑ ያስታውቃል። ይሁንና ከክሶቹ አብዛኛዎቹ ማስረጃ ሲቀርብባቸው አይቆሙም። አንዱ ግን ይቆማል፤ እሱን ቦታው ሲደርስ እመሰክርላቸዋለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቀላሉ ልጀምር። ፉዌርቴስ ከስፔን የመጣ ሰው አይደለም። የተወለደው ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1874 በኒውዮርክ ግዛት በምትገኘው በኢታካ ከተማ ሲሆን፣ አባቱ ኤስቴባን ፉዌርቴስ የፖርቶ ሪኮ ተወላጅና በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሲቪል ምሕንድስና ትምህርት ክፍል ኃላፊ ነበር። ጸሐፊውን ያሳሳታቸው የቤተሰቡ ስም ሳይሆን አይቀርም። «ሀብታም» የሚለው ቃልም አይገጥመውም። የመምህር ልጅ ነበር፤ በ1897 ከኮርኔል ከተመረቀ በኋላም የኖረው በብሩሹ ነው። ለመጻሕፍት፣ ለመጽሔቶችና ለሙዚየሞች በትእዛዝ ይሥል ነበር፤ በ1920ዎቹ ደግሞ አርም ኤንድ ሐመር የሚባለው ቤኪንግ ሶዳ በየፓኮው ውስጥ ይዞት ለሚወጣው ትንሽ የወፍ ካርድ ሳይቀር ሥዕል አቅርቧል። ዳቦ ልትጋግር ፓኮውን የከፈተች እናት ከዱቄቱ ጋር የወፍ ሥዕል አውጥታ ለልጇ ትሰጠው ነበር ማለት ነው። ይህን የሠራው ሰው ለመዝናናት አደን የወጣ ባለጸጋ ሳይሆን ለእንጀራው የሚደክም ባለሙያ ነው። በ1899 የባቡር ሐዲድ ባለሀብቱ ኤድዋርድ ሃሪማን ባዘጋጀው የአላስካ ጉዞ ላይ ከሳይንቲስቶች ጋር መጓዙ እውነት ነው፤ ነገር ግን ተጋባዥ እንጂ ጋባዥ አልነበረም። ጸሐፊው ሁለቱን ለይተው ቢያዩ ኖሮ የመጀመሪያው አንቀጻቸው ባልተጻፈ ነበር። ስለ ሞቱ ያሉትን በመጨረሻ እመለስበታለሁ፤ ከሥዕሎቹ ዕጣ ጋር የተያያዘ ነውና።

ዋናው ክስ «የሬሳ ሠዓሊ» የሚለው ነው። ፉዌርቴስ ወፍ ገድሏልን? አዎን፣ ገድሏል። በሕይወት ዘመኑ ያሰባሰባቸው የወፍ ቆዳዎች ከ3,000 ይበልጣሉ፤ ይህን መሸፋፈን አልፈልግም። ጸሐፊው ግን «ገደለ» ከሚለው ተነስተው «ሬሳ ገለበጠ» ወደሚለው የተሻገሩት አንድ ነገር ሳያጤኑ ነው። የደረቀ ሬሳ አይቶ ሕይወት ያለው ወፍ መሣል አይቻልም፤ ይህን ለማወቅ ደግሞ ሠዓሊ መሆን አያስፈልግም።

እኔ ባደግኩበት ሰፈር ወንጭፍ የማይዝ ወንድ ልጅ አልነበረም። አንድ ቀን ከወንዝ ዳር ዋኖስ መትቼ ጣልኩና እየሮጥኩ ወደ ቤት ይዣት ሄድኩ። ከመሬት ሳነሳት ዓይኗ እንደ ፍም ቀይ፣ እግሯም ሮዝ ነበር። አያቴ ከቤተ ክርስቲያን እስኪመለሱ ድረስ ደጃፍ ላይ ጠበቅኳቸው፤ መጥተው ሳሳያቸው ግን ዓይኗ አመድ መስሎ ወደ ውስጥ ሰጥሟል፤ እግሯም ጠቁሮ እንደ ደረቅ ጭራሮ ሆኗል። ላባዋ ብቻ እንዳለ ነበር። አያቴ ምን እንዳሉኝ እዚህ አልጽፈውም፤ ወንጭፌ ግን በዚያው ምሽት እሳት ውስጥ ገባ።

ያን ቀን ያየሁት ነገር የፉዌርቴስን ሙያ ዋና ችግር ይገልጸዋል። ወፍ ሲሞት ላባው ቀለሙን ለረጅም ዓመታት ይዞ ይቆያል፤ ዓይኑ፣ መንቁሩ፣ እግሩና ላባ ያልሸፈነው ቆዳው ግን በሰዓታት ውስጥ ይለወጣሉ። በሙዚየም መሳቢያ ውስጥ የሚቀመጠው የጥናት ናሙና ሆዱ ጥጥ የተሞላ፣ ዓይኑም በነበረበት ጉድጓድ ጥጥ የተወተፈበት፣ ክንፉ በጎኑ የተጣበቀ ጥቅል ነው። ከእሱ የላባውን ርዝመትና ንድፍ ማወቅ ይቻላል፤ ወፉ እንዴት እንደሚቆም፣ ሲደነግጥ ላባውን እንዴት እንደሚሰበስብ፣ ሲያርፍ እንዴት እንደሚነፋ ግን አይነግርም። ከፉዌርቴስ በፊት ከነበሩት የመጻሕፍት ሥዕሎች ብዙዎቹ ደረቅ የሆኑት ከእንዲህ ያለው ጥቅል የተሣሉ ስለነበሩ ነው። እሱ ያደረገው ሌላ ነው። መጀመሪያ ሕይወት ያለውን ወፍ በእርሳስ ይነድፋል፤ ወፉ ሲገደል ደግሞ የዓይኑ ብርሃንና የመንቁሩ ቀለም ሳይጠፋ፣ ሌላ ሥራ ሁሉ ትቶ፣ በውሃ ቀለም ያሠፍረዋል። የወፎችን ድምፅ አሳምሮ ያስመስል ስለነበር በፉጨት እየጠራ ወደ ራሱ ያመጣቸውም ነበር፤ ከወፍ ጋር የሚያሳልፈው ጊዜ አብዛኛው ጠመንጃ የሚፈልግ አልነበረም።

ከኢትዮጵያ ይዟቸው ከሄዳቸው ሥዕሎች መካከል ያለውን ጢማሙን አሞራ ልውሰድ፤ ያን አጥንት ከሰማይ ለቆ ዓለት ላይ የሚሰብረውንና የደጋ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን። የዚህ አሞራ ዓይን ፈዘዝ ያለ ቢጫ ሲሆን ዙሪያውን ቀይ ቀለበት ይከበዋል፤ ቀለበቱም ወፉ ሲቆጣ ይበልጥ ይቀላል። ደረቱን ዝገት የሚያስመስለው ቀለም ደግሞ ከላባው የተፈጠረ ሳይሆን ወፉ ብረት ባለበት አፈርና ውሃ ራሱን ስለሚያሽ የሚመጣ ነው፤ በመካነ እንስሳት የሚያድገው ነጭ ይሆናል። እንግዲህ የዚህን ወፍ እውነተኛ መልክ ማግኘት የሚቻለው እሱ በሚኖርበት ገደል፣ እሱ በሚታጠብበት አፈር አጠገብ ብቻ ነው። ፉዌርቴስ ከኢታካ ተነስቶ መርከብ፣ ባቡርና በቅሎ እየለዋወጠ የመጣው ለዚህ ነበር። ሬሳ መገልበጥ ቢፈልግ ኖሮ ቺካጎ ወይም ኒውዮርክ ውስጥ ሞቅ ያለ ክፍል ይዞ መሳቢያ መክፈት ይበቃው ነበር።

ጸሐፊው ዘመኑንም ዘንግተዋል። ከኢትዮጵያው በፊት በነበሩ ጉዞዎች የፉዌርቴስ ጓደኛ የነበረው የወፍ ተመራማሪ ፍራንክ ቻፕማን በ1886 በኒውዮርክ ጎዳናዎች እየተዘዋወረ የሴቶችን ባርኔጣ ቆጥሮ ነበር፤ ካያቸው 700 ባርኔጣዎች 542ቱ በወፍ ላባ ያጌጡ ነበሩ፤ ላባው የተነቀለውም ከ40 ዓይነት ወፎች ነው። በገና ሰሞን ሰዎች ቡድን ለይተው፣ የትኛው ቡድን ብዙ እንስሳ ይገድላል በሚል ውድድር ይወጡ ነበር። ቻፕማን በ1900 ያንን አደን በቆጠራ እንዲተኩት ሐሳብ አቀረበ፤ የገና የወፍ ቆጠራ የሚባለው ልማድ እስከ ዛሬ የዘለቀው ከዚያ ነው። ቆጠራ ግን ዕውቀት ይጠይቃል። በእጁ ያልያዘውን ወፍ በርቀት አይቶ «ይህ እከሌ ነው» ለማለት ተራው ሰው የሚያምነው ሥዕል ያስፈልገዋል፤ ያንን ሥዕል በትምህርት በራሪ ወረቀቶች፣ በመጽሔቶችና በመጻሕፍት በብዛት ያቀረበው ፉዌርቴስ ነው። ኤልን ሃዋርድ ኢተን ስለ ኒውዮርክ ወፎች ባዘጋጀውና በ1910 እና በ1914 በወጣው ሁለት ቅጽ ሥራ ብቻ 106 ባለቀለም ገጾች የእሱ ናቸው። በ1925 በኒውዮርክ በተካሄደ የወፍ አጥኚዎች ጉባኤ ላይ ፉዌርቴስን ያገኘው የ17 ዓመቱ ሮጀር ቶሪ ፒተርሰን፣ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በ1934 ማንም ሰው መነጽር ብቻ ይዞ ወፍ የሚለይበትን የመስክ መጽሐፍ አወጣ። እኔ የምለው ይህን ነው፦ ፉዌርቴስ ጠመንጃ የያዘ ትውልድ ሰው ነበር፤ ሥዕሎቹ ግን ቀጣዩን ትውልድ ጠመንጃ አስጣሉት። ጸሐፊው የመጀመሪያውን ግማሽ ጽፈው ሁለተኛውን ትተውታል።

«የተሰበሰቡት እንስሳት ለማንም አልጠቀሙም» የሚለውን ዓረፍተ ነገራቸውን ደግሞ በአንድ አይጥ ልመልሰው። ፉዌርቴስ የነበረበት የኢትዮጵያ ጉዞ መሪ ዊልፍሬድ ኦዝጉድ፣ በ1927 ጎጃም ውስጥ ግልገል አባይ ከሚመነጭበት አካባቢ አንዲት የውሃ አይጥ አገኘ። በማግሥቱ ዓመት ለሳይንስ አዲስ ዝርያ መሆኗን ገልጾ ኒሎፔጋሚስ ብሎ ሰየማት፤ ትርጉሙ የአባይ ምንጭ አይጥ ማለት ነው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የታወቀችው በዚያች በአንዲት ናሙና ብቻ ነበር። በ2020 ተመራማሪዎች ከዚያችው የ93 ዓመት ናሙና የዘር ቅንጣት አውጥተው፣ በአፍሪካ ወንዞች ውስጥ ረጅም እግሯን ተክላ ከምታድነው ኮሎሚስ ከምትባል አይጥ ጋር የቅርብ ዘመድ መሆኗን አረጋገጡ። አይጧ የተያዘችበት ሥፍራ ዛሬ የእርሻና የግጦሽ መሬት እየሆነ ነው። ያቺ ናሙና ባትኖር ኖሮ ሰከላ አካባቢ እንዲህ ያለ ፍጡር ስለመኖሩ ለመጠየቅ እንኳ መነሻ አይኖረንም ነበር። ናሙናዋን የያዘው ኦዝጉድ እንጂ ፉዌርቴስ አለመሆኑን አልዘነጋሁም፤ ክሱ የቀረበው በጉዞው ሁሉ ላይ ስለሆነ መልሱም እንደዚያው ነው።

ወደ ኦዱቦን ልለፍ። ፉዌርቴስ በልጅነቱ በኢታካ ቤተ መጻሕፍት የኦዱቦንን ግዙፍ የወፎች መጽሐፍ እየገለጠ ማደጉን ራሱ ደብቆት አያውቅም። በ14 ዓመቱ የመጀመሪያውን የወፍ ሥዕል ሲሠራም ያ መጽሐፍ በዓይነ ሕሊናው ሳይኖር አይቀርም። ከማን ተማረ ማለት ግን ከማን ሰረቀ ማለት አይደለም። ኦዱቦን ከ1827 እስከ 1838 ባሳተማቸው 435 ገጾች ወፎቹን በተፈጥሮ ቁመታቸው ያቀረበው፣ አዲስ የተገደለውን ወፍ በሽቦ እየወጠረ በመረጠው ሁኔታ አቁሞ ነው። በዚህም ምክንያት ወፎቹ ትያትር ላይ እንደወጣ ተዋናይ ይጠማዘዛሉ፤ ይጣላሉ፤ አንገታቸውን ይሰብራሉ። ውበታቸውን አልክድም። የፉዌርቴስ ወፍ ግን ቅርንጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ምንም ሳያደርግ እንኳ ሊበር የተዘጋጀ ይመስላል። የሬሳ ሠዓሊ የሚለው ስም ለአንዱ ይሰጥ ከተባለ ጸሐፊው ሰው ተሳስተዋል ልል ነበር፤ ለኦዱቦንም ቢሆን ግፍ ስለሚሆን ትቼዋለሁ።

ከዚህ ሌላ ፉዌርቴስ ኦዱቦን ያላወቀውን ነገር ተምሯል። የዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፉ ስለ ወፎች ቀለም ነበር፤ ከተመረቀ በኋላም ወደ ሠዓሊው አቦት ቴየር ዘንድ ሄዶ ተማረ። ቴየር በ1896 ያቀረበው ሐሳብ በአገራችን ቆላ ቁጥቋጦ ውስጥ ሚዳቋ ፈልጎ ለሚያውቅ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ሚዳቋ ጀርባዋ ጠቆር፣ ሆዷ ነጣ ያለ ነው። ፀሐይ ከላይ ስትመታት ጀርባዋ ይነጣል፤ ሆዷ ላይ ጥላ ይወድቅበታል። የቆዳዋ ቀለምና የፀሐይ ብርሃን እርስ በርሳቸው ተጣፍተው እንስሳዋ ጠፍጣፋ ትሆንና ከአፈሩ ጋር ትመሳሰላለች፤ ዓይናችን ሥር ቆማ የማናያትም በዚህ ምክንያት ነው። ይህን የተረዳ ሠዓሊ አንድ ከባድ ጥያቄ ይገጥመዋል፦ ተፈጥሮ እንዳይታይ አድርጋ የቀባችውን እንስሳ እንዴት አድርጎ ቅርጹ እንዲታይ ይሣለው? የፉዌርቴስ የብርሃንና የጥላ አያያዝ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ የዕድሜ ልክ መልስ ነው። ጸሐፊው «ምን ጨመረ?» ብለው ስለጠየቁ ነው ይህን ማብራራቴ። ያወቀውንም ለራሱ አላስቀረውም። በኮርኔል ስለ ወፎች ያስተምር ነበር፤ በመጀመሪያ በደብዳቤ፣ ኋላም ቤቱ ድረስ ጋብዞ ያስተማረው ጆርጅ ሚክሽ ሳተን በዘመኑ ከታወቁት የወፍ ሠዓሊዎች አንዱ ለመሆን በቅቷል።

የፎቶግራፉን ነገር ባጭሩ ልጨርሰው። በኢትዮጵያው ጉዞ የፉዌርቴስ ጓዶች ካሜራ ይዘው ነበር፤ ከመካከላቸው አልፍሬድ ቤይሊ ተንቀሳቃሽ ፊልም ሳይቀር አንሥቷል። ሆኖም በ1926 የነበረው ፎቶግራፍ በአብዛኛው ጥቁርና ነጭ ነው። ከ1907 ጀምሮ ገበያ ላይ የነበረው ባለቀለም ፎቶ የሚነሳበት መስታወት የሚነሳው ነገር ሳይነቃነቅ ለረጅም ጊዜ እንዲቆም ይጠይቃል፤ ጢማሙ አሞራ ደግሞ ይህን ትእዛዝ አይቀበልም። ኮዳክሮም የሚባለው ባለቀለም ፊልም የወጣው ፉዌርቴስ ከሞተ ከስምንት ዓመት በኋላ በ1935 ነው።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ፤ የጸሐፊው ቁጣ የጠነከረውም እዚህ ላይ ነው። ጉዞውን ያዘጋጁት የቺካጎው ፊልድ ሙዚየምና ቺካጎ ዴይሊ ኒውስ የተባለው ጋዜጣ ሲሆኑ፣ ተጓዦቹ ኦዝጉድ፣ ፉዌርቴስ፣ ቤይሊ፣ ሳይደም ከቲንግና የጋዜጣው ሰው ጃክ ባም ነበሩ። ጅቡቲ ወርደው፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት አዲስ አበባ በገባው የባቡር ሐዲድ ወደ መናገሻ ከተማው ወጡ። ዙፋኑ ላይ ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ፣ በእንደራሴነትም ራስ ተፈሪ ነበሩ። ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር። ተጓዦቹ በአርሲና በባሌ ተራሮች፣ በኋላም በጎጃም፣ በጣና፣ በጎንደርና በሲሜን የተንቀሳቀሱት ከመንግሥት ፈቃድ ተቀብለው ነው። ፈቃድ ጠይቆ የገባን እንግዳ ቅኝ ገዥ ማለት እንግዳውን ብቻ ሳይሆን ፈቃድ የሰጠውንም ባለአገር ማሳነስ ይሆናል፤ አገሪቱ ፈቃድ የመስጠትም የመከልከልም ሥልጣን ነበራት። በነገራችን ላይ ከፉዌርቴስና ከኦዝጉድ ማስታወሻ የተጠናቀረው መጽሐፍ የታተመው በ1936፣ ማለትም የጣልያን ጦር አዲስ አበባ በገባበት ዓመት ሲሆን፣ በርዕሱ ላይ የተቀመጠው ስም «ኢትዮጵያ» ነው።

«የእንስሶቻችንን ስም ነጠቀ» የሚለው ክስ ግን ከየት እንደመጣ ልደርስበት አልቻልኩም። ፉዌርቴስ ለአንድም የኢትዮጵያ እንስሳ ሳይንሳዊ ስም አላወጣም። በእሱ ስም የተጠሩ ወፎች አሉ፤ ሁለቱን ብጠቅስ፣ አንደኛው በ1912 ቻፕማን የሰየመው የኮሎምቢያ በቀቀን ነው፤ ይህም ወፍ ለዘጠና ዓመት ያህል ጠፍቶ በ2002 እንደገና ተገኝቷል። ሁለተኛው በሜክሲኮ የሚገኝ ወፍ ነው። የእኛዎቹን ያየን እንደሆነ፣ ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1835 ለሳይንስ ሲያስተዋውቃቸው ጉሬዛን ጉሬዛ፣ ጭላዳን ጌላዳ፣ ዋሊያን ዋሊ ብሎ ነው የመዘገባቸው፤ ማለትም የአገሬው አጠራር ወደ ላቲኑ ገብቶ ቀርቷል። ስም ተነጠቀ ከተባለ የሚነሳው የደጋ አጋዘን ነው። በ1910 ሳይንሳዊ መዝገብ ውስጥ ሲገባ ባክስተን የሚባል እንግሊዛዊ አዳኝ ስም ተለጥፎበታል። ይህ ግን የሆነው ፉዌርቴስ ኢትዮጵያን ከመርገጡ ከ16 ዓመት በፊት ነው።

መጀመሪያ ላይ ይቆማል ያልኩት ክስ ይኸውና። ጸሐፊው «በቅሎ የጫኑ፣ መንገድ የመሩ፣ ወፉ የት እንደሚያድር ያሳዩ ሰዎች የት አሉ?» ብለው ጠይቀዋል። ልክ ናቸው። በአንድ ወፍ ሥዕል ግርጌ የሚታየው የሠዓሊው ስም ብቻ ነው። ያ ወፍ ጎህ ሲቀድ በየትኛው ጥድ ላይ እንደሚጮህ ያወቀው የጎጃም ወይም የአርሲ ሰው ግን ስሙ እዚያ የለም። ሥዕሎቹም ቺካጎ ናቸው፤ ጭላዳን በየቀኑ ሲያባርር የሚውል የደባርቅ እረኛ ፈረንጅ እንዴት እንደሣለው የሚያይበት አጋጣሚ የለውም። በዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር አልከራከርም። የምለየው «ተዘረፈ» በሚለው ቃል ላይ ብቻ ነው፤ ሠዓሊው በገዛ እጁ የሠራው ሥዕል ዝርፊያ አይባልም። ጥሩ ቅጂ አስመጥቶ አዲስ አበባም ሆነ ጎንደር ላይ ማሳየት ዛሬ የገንዘብም የቴክኒክም ጭንቅ ያለበት ሥራ አይደለም። ጸሐፊው ለዚህ ቢነሱ እኔም አብሬያቸው ነኝ።

የሞቱን ነገር ላብቃ። ፉዌርቴስ ሲሜን ላይ አልሞተም፤ ወባም አልገደለውም። ጉዞውን ጨርሶ ወደ አገሩ በሰላም ተመልሷል። በዚያው በ1927 ክረምት የኢትዮጵያ ሥዕሎቹን ለወዳጁ ለቻፕማን ሊያሳይ ባለቤቱን ማርጋሬትን ይዞ ታነርስቪል ወደምትባል መንደር ሄደ። ቻፕማን ሥዕሎቹን አየ፤ ባልና ሚስቱም መኪናቸው ላይ ጭነዋቸው ወደ ኢታካ መመለስ ጀመሩ። ኦገስት 22 ቀን፣ በእኛ ነሐሴ 16 ቀን 1919 ዓ.ም.፣ ዩናዲላ ከምትባል ከተማ አጠገብ ሐዲድ ሊያቋርጡ ሲሉ የተጫነ ድርቆሽ የሚመጣውን ባቡር ጋርዶባቸው ነበር። ባቡሩ መኪናውን መታው። ፉዌርቴስ ሞተ፤ ማርጋሬት ክፉኛ ቆሰለች። ሥዕሎቹ ግን ከመኪናው ተወርውረው ወድቀው ጉዳት ሳይደርስባቸው ተገኙ። 53 ዓመቱ ነበር፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የሠራውም፣ የሞተውም በእኛ አቆጣጠር በዚያው በ1919 ዓ.ም. ነው።

እነዚያን ሥዕሎች፣ ቁጥራቸው ከመቶ በላይ ነው፣ የጉዞ ጓዱ ከቲንግ ገዝቶ ለፊልድ ሙዚየም ሰጣቸው፤ ሙዚየሙም በ1930 ከመካከላቸው 32ቱን መርጦ በአልበም አሳተመ። ብዙ የሙያው ሰዎች የዕድሜው ምርጥ ሥራዎች ይሏቸዋል፤ እኔም እስማማለሁ። ደግሞ መዘንጋት የሌለበት፣ እነዚህ መስክ ላይ፣ በድንኳን ደጃፍ፣ የዓይኑ ቀለም ሳይጠፋ በጥድፊያ የተሠሩ ጥናቶች መሆናቸው ነው፤ ወደፊት ለሚሠራቸው ትልልቅ ሥዕሎች መነሻ ነበሩ። ትልልቆቹን ለመጀመር ጊዜ አላገኘም። ጸሐፊው ጽሑፋቸውን ሲያርሙ ሌላው ሁሉ ቢቀር፣ ሲሜን ላይ በወባ ሞተ የሚለውን አውጥተው ዩናዲላንና የድርቆሹን ጭነት እንዲጽፉበት እጠይቃቸዋለሁ።